የሰባተኛው መስመር ሙታን

ያለፈውን እንደ ዛሬ፣ የሚመጣውንም እንዳለፈ አድርጎ የሚያይ፣ ዘመን የማይቆጠርለት አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ለሰው ልጅ ገና ያልሆነው ነገር በእርሱ ዘንድ ተፈጽሞ የተቀመጠ ነው። እንግዲህ በሁለት ሺህ ዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት በጣርማ በር አፋፍ የሆነውን፣ ይሁን አይሁን እርሱ ብቻ እንደሚያውቅ አምነን፣ እንደ ተፈጸመ ነገር እንጽፈዋለን።

በዚያ ዘመን በጉም ዳር መንደር ቀን የሚጀምረው በመረቡ ነው። ጎሕ ሲቀድ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ በሠላሳ ኪሎ ሜትር ርዝመት የቆሙት ምሰሶዎች መረቦቻቸውን በአንድ ጊዜ ይለቃሉ። እያንዳንዱ መረብ በቁመት ካቴድራል ያህላል። ከቆላው የሚወጣው ጉም ወደ መረቡ ይገባና ውኃ ሆኖ ይቀራል። መረቡ በውኃ ሲከብድ ያዜማል፤ ብዙ ካህናት በአንድነት ቃል ሳያወጡ በጕሮሯቸው የሚያዜሙ ይመስላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው እንግዳ ባርኔጣውን ያወልቃል። የመንደሩ ሰው ግን ቀና ብሎም አያየው፤ ሰልፍ መያዝ አለበትና።

ሰልፉ ፊት ወደሚያየው መሣሪያ፣ ዓይኑ ወደሚሉት ነው። ዓይኑ ከውኃው ቧንቧ በላይ በግድግዳው ላይ የተተከለ ሲሆን፣ ውኃ ቀጂ ሁሉ ከፊቱ ለሦስት ትንፋሽ ያህል ይቆማል፤ ስሙን ይናገራል፤ «ተቀብያለሁ» ይላል። ቧንቧው የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያችው ቅጽበት ባሕር ማዶ ያለ አንድ የውኃው ማኅበር ባለአክሲዮን ቍርሱን እየበላ ያንን ፊት ያያል። እናቶች ልጆቻቸውን ለትምህርት ቤት ከማጠባቸው በፊት ለዓይኑ ያጥቧቸዋል። ሐዘንተኛም ቢሆን ነጠላውን ከፊቱ ገለጥ ያደርጋል።

«ፊትዎ ተለውጧል፤ እባክዎ ይድገሙ» አለ ዓይኑ ያን ማክሰኞ ጠዋት ለጋሽ ድንበሩ፣ ሰባ ዓመት ላለፋቸው የመንደሩ ሽማግሌ።

«ጢሜን ተላጭቼ ነው እንጂ ፊቴማ ያው ነው!»

«የምን መላጨት ነው በዚህ ዕድሜ? ሠርግ አለብዎት እንዴ?» አለች ከኋላቸው የቆመች ሴት።

«ቢኖርስ! አንቺን አልጠራሽም። ባለፈው ወንድሜን ቀብሬ ስመጣ ደግሞ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ምስጋናዎ አልታየኝም።› አስቢው እስቲ፤ ከመቃብር መጥቼ ለማሽን ልሣቅለት!»

ሰልፈኛው ሣቀ። ጋሽ ድንበሩም ጥርሳቸውን ገልጠው ቆሙ፤ ቧንቧው ተከፈተላቸው።

ይህን ሰልፍ የምትቈጣጠረው መዝጋቢዋ ወይዘሮ አስረበብ ይፍሩ ናት። ዕድሜዋ ኀምሳ ሦስት ነው፤ ባሏ ሞቷል፤ ልጆቿ ርቀዋል፤ የምትኖረውም ከውኃው ጣቢያ አጠገብ ነው።

የጉም ውኃ አክሲዮን ማኅበር በመጀመሪያ የአንድ ሰው ሀብት ነበረ። መሥራቹ አቶ ዘርጋው ውኃ ሲሰጡ ለወደዱት የወደዱትን ያህል ይሰጡ ነበር፤ ለተወለዱበት መንደር አብዝተው፣ ከዘመዶቻቸው ጋር በድንበር ለተጣላው መንደር ጨርሰው ነፍገው። ማንም አልጠየቃቸውም። እርሳቸው ካረፉ በኋላ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ አክሲዮኑ ባሕር ማዶ ባለ ታላቅ ገበያ ቀረበ፤ በሃያ ሦስት አገር የሚኖሩ ሁለት መቶ ሺህ ሰዎችም ባለድርሻ ሆኑ። እነዚህ ሰዎች ጣርማ በርን አያውቁትም። ስማቸው በማያውቁት አገር በክፉ እንዳይነሣ ግን ፈሩ። በጎ ሥራ ይሠራ፣ በሁሉም ዘንድ እኩል ይሁን፣ መሠራቱም ይታይ አሉ። እውነቱን መደበቅ አይገባም፤ ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ስምንት መንደሮች ውኃ አገኙ፤ ሐኪም ቤት ተሠራ፤ የተነፈገውም መንደር ቧንቧ ገባለት። ሥጋ ዘመድ ያላደረገውን ባዕድ አደረገው። የባዕዱም ሕግ አጭር ነበር፤ በጎ ሥራ የሚባለው ተጠቃሚው በሕይወት ያለና የታየ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

በዚያው ማክሰኞ ሰልፉ ሲያልቅ፣ የጣቢያው ኀላፊ አቶ ልሳነወርቅ ወደ አስረበብ መጣ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሲጨንቀው አንገትጌውን የሚጐትት ወጣት ነው።

«እትዬ አስረበብ፣ እስቲ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ልስማው። ተቀመጪ የተባለ ሰው ደኅና ነገር ሰምቶ አያውቅም።»

«ሰባተኛው መስመር ሐሙስ ቀትር ላይ ይዘጋል።»

አስረበብ ተቀመጠች።

ሰባተኛው መስመር ከጣቢያው ተነሥቶ ገደሉን ወርዶ ወደ ደብረ አርምሞ የሚገባው ቀጭን ቧንቧ ነው። ደብረ አርምሞ የሴቶች ገዳም ነው። በሩን አልፋ የገባች መነኵሲት ከዚያን ቀን ጀምሮ ከገዳሙ ውጭ ላለ ሰው ዳግመኛ አትታይም። ቧንቧውን አቶ ዘርጋው ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት ሲያስገቡ ለምን እንዳስገቡት ለማንም አልተናገሩም። የገዳሙ ሴቶች ዱሮ ይጠጡበት የነበረው የዐለት ጕድጓድ በመሬት መንቀጥቀጥ ከተሰነጠቀ ዐሥር ዓመት አልፎታል፤ አሁን ከዚህ ቧንቧ በቀር ሌላ ውኃ የላቸውም።

«ምን አጠፉ?» አለች አስረበብ።

«ሞቱ።» ልሳነወርቅ አንገትጌውን ጐተተ። «ዘንድሮ የአገሮች መዝገብ ሁሉ አንድ ሆነ አይደል? የእኛን የተጠቃሚ ስም ዝርዝር ከወሳኝ ኩነት መዝገብ ጋር አስተያዩት። የሰባተኛው መስመር ዐሥራ አንድ ተጠቃሚዎች ዐሥራ አንዱም ሞተዋል ይላል። ባሕር ማዶ ‹ለሙታን ውኃ እንሰጣለን እያሉ ሲያታልሉን ኖሩ› እየተባለ ነው። እትዬ፣ ይህ ስሕተት ነው አይደል? ስሕተት ነው ይበሉኝ።»

«ስሕተትስ አይደለም» አለች አስረበብ ቀስ ብላ። «የወለላን ሞት ያስመዘገብሁት እኔ ራሴ ነኝ።»

ወለላ ታላቅ እኅቷ ናት። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት በመነኰሰች ዕለት፣ እንደ ሥርዐቱ በመገነዣ ተሸፍና ጸሎተ ፍትሐት ተደግሞላታል፤ ለዓለም ሞታለችና። ቤተ ሰቡ ልቅሶ ተቀመጠ፤ በአርባኛው ቀን ተዝካር አወጣ። መንግሥትም ሞት ሁሉ ይመዝገብ ይል ስለ ነበረ፣ ነገሩ እንዳይጓደል ብለው አስረበብን ወደ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ላኳት፤ እርሷም ጣቷን አትማ መጣች። የሌሎቹም ዐሥር ቤተ ሰቦች እንዲሁ አደረጉ። ከብዙ ዓመት በኋላ ማኅበሩ ለገዳሙ ስም ብቻ ይበቃል ብሎ «የገዳሙን ተጠቃሚዎች ስም ስጡን» ሲላቸው ደግሞ ያንኑ ስም በደስታ ሰጡ። ሁለቱ ነገሮች እንደሚጋጩ ለአንዱም አልታየውም።

«ታዲያ ሞተዋል ወይስ አልሞቱም?» አለ ልሳነወርቅ።

«ፍትሐት ተደግሞላት የለም ወይ?»

«እትዬ! እኔ የምጠይቀው ይተነፍሳሉ ወይ ብዬ ነው!»

«እሱንማ ማን ያውቃል፤ ከአንድ ፈጣሪ በቀር።»

ልሳነወርቅ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ከዐሥራ አንዱ አንዷ ለሦስት ትንፋሽ ፊቷን ብታሳይ መስመሩ አይዘጋም። ይህን ያህል ነው የሚጠይቁት።»

«አንዷ ፊቷን ካሳየችማ ደብረ አርምሞ የሚባል ነገር አበቃ።»

«ውኃው ከተዘጋም አበቃ።»

ይህንንስ አስረበብ አልካደችም።

ረቡዕ ጠዋት ገደሉን ወረደች። ተንቀሳቃሹ ዓይን መዝሙረ ዳዊት በሚያዝበት ዐይነት የቆዳ ማኅደር ውስጥ ሆኖ ከደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል። በዓይኑ ውስጥ ደግሞ ወይዘሮ ሊን የምትባል ሴት አለች፤ የባለአክሲዮኖቹ ምስክር ናት፤ በብዙ ሺህ ማይል ርቀት ከአንድ ሕንፃ ሰማንያኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ ታያለች። ቃሏን ወደ አማርኛ የሚመልሰው መሣሪያ ከጥንት የብራና መጻሕፍት ስለ ተማረ አነጋገሩ የሊቃውንት ነው።

«ሰላም ለኪ፣ እኅቴ ሆይ» አለ መሣሪያው። «ኧረ ይህ ቍልቍለት እንዴት ያለ ጽኑዕ ነው!»

አስረበብ ደንግጣ ቆመች። «ቄስ ነሽ እንዴ አንቺ?»

ከዓይኑ ውስጥ ሣቅ ተሰማ፤ ሣቅ ስለማይተረጐም የሊን የራሷ ሣቅ ነበረ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እየተለማመዱ ሄዱ።

«እንደ ክፉ ሰው አትቍጠሪኝ» አለች ሊን በመንገድ ላይ። «በዚህ ዓመት ብቻ የሌለ ትምህርት ቤትና የሌለ ሐኪም ቤት ያሳዩኝ ዐሥራ ሁለት ማኅበራት አሉ። በአንዱ ያለቀሱት ሕፃናት እንኳ ሥዕል ነበሩ። ካላየሁ አላምንም፤ የተቀጠርሁበት ሥራ ይኸው ነው።»

«አልፈርድብሽም። እኔም ከዓይኑ ፊት ሳይቆም ቀድቶ የሄደ ሰው ባገኝ እጮኻለሁ።»

የደብረ አርምሞ በር ከወይራ የተጠረበ ነው፤ ቀዳዳም መስኮትም የለውም። አስረበብ ከበሩ አጠገብ የተሰቀለውን የድንጋይ ደወል ሦስት ጊዜ መታች። ብዙ ቆይቶ ከውስጥ ድምፅ መጣ። የሸመገለ፣ ዝቅ ያለ፣ የሴት ድምፅ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን በሉ። ማን ነሽ?»

«አስረበብ ነኝ፤ ከላይ ከውኃው ጣቢያ።»

«አስረበብ» ብሎ ድምፁ ደገመው። 

አስረበብ ጆሮዋን ወደ በሩ አስጠጋች። በሃያ ስድስት ዓመት ድምፅ ይለወጣል፤ የወለላ ይሁን የሌላ ልትለየው አልቻለችም። ሊን ግን ከደረቷ ላይ ሹክ አለቻት፤ «ድምፅ አይጠቅመንም። ዛሬ የሞተን ሰው ድምፅ ሠርቶ የሚሸጥ ስንት አለ። ፊት ነው የሚፈለገው።»

አስረበብ የመጣችበትን ነገር ሁሉ ተናገረች፤ መዝገቡን፣ ሐሙስን፣ ቀትሩን። ድምፁ ሳያቋርጥ ሰማት።

«ፊት የለንም» አለ በመጨረሻ። «ሙታን እንደ ሆንን ጽፋችሁ ነበር፤ መልካም ጽፋችኋል። ብትዘጉትም አንቀየማችሁም። አሁን ሱባኤ ላይ ነን፤ ብዙ መናገር አይቻለኝም። ከመሄድሽ በፊት ግን አንዲት ጥያቄ ብትጠይቂ እንድመልስልሽ ተፈቅዶልኛል። አንዲት ብቻ።»

አስረበብ ምላሷ ላይ የነበረችው ጥያቄ የሃያ ስድስት ዓመት ጥያቄ ናት። ወለላ አለችን? ከዚህች በቀር ሌላ ጥያቄ አልነበራትም።

«ጠይቂልኝ» አለች ሊን ሹክ ብላ። «በውኃው ምን ያደርጉበታል? ለዘገባው የሚሆን አንድ ነገር ከሰጡኝ ምናልባት… ምናልባት እላለሁ እንጂ ተስፋ አልሰጥሽም።»

አስረበብ ግንባሯን በወይራው በር ላይ አስደገፈች። ከቆላው የሚወጣው ጉም በላያቸው አልፎ ወደ መረቦቹ ሄደ።

«በውኃው ምን ታደርጉበታላችሁ?» አለች።

ድምፁም መለሰ። «በየቀኑ እያንዳንዳችን አንድ ጣሳ እንቀዳለን። ከመጠጣታችን በፊት ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጠን፣ ‹ይህን ውኃ የላከልንን ቤቱን ጠብቅለት፣ የታመመበትን ማርለት› እያልን አርባ አንድ ጊዜ እንሰግዳለን። ላኪው ማን እንደ ሆነ አናውቅም። አንድ ሰው ይሁን ብዙ አናውቅም። ጠይቀንም አናውቅም። ውኃው ከገባ ጀምሮ ይህ አንድ ቀን አልታጐለም።»

ከዚያ በኋላ ከበሩ ጀርባ የተሰማ ነገር የለም።

አስረበብ አቀበቱን እኩሌታ እስክትወጣ ድረስ ከደረቷ ላይ ያለው ዓይን የጠፋ መስሏት ሁለት ጊዜ ተመለከተችው።

«እኔም ድርሻ አለኝ» አለች ሊን በድንገት። «ትንሽ ናት፤ ከአራት ዓመት በፊት ለእናቴ ብዬ የገዛኋት። በዚያን ዓመት እናቴ ታማ…» ቃሏን አልጨረሰችም። መሣሪያውም የሚተረጕመው አጥቶ ጸጥ አለ።

አስረበብ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዘጠኝ ዓመት መዝጋቢ ሆና ኖራለችና ነገር የምታስበው በመዝገብ ሥርዐት ነው።

«ወይዘሮ ሊን፣ በሕጋችሁ ተጠቃሚ የምትሉት ማንን ነው?»

«ከማኅበሩ ሥራ በጎ ነገር የደረሰውን ሰው።»

«በሕይወት ያለና የታየ።»

«አዎን።»

«እንግዲያስ በሰባተኛው መስመር ላይ የተሳሳተ ስም ጽፈናል። ተጠቃሚዎቹ እነዚያ ሙታን አይደሉም፤ እናንተ ናችሁ። አንድ ጣሳ ውኃ ወረደ፤ አርባ አንድ ስግደት ወጣላችሁ። ዘጠኝ ዓመት፣ በየቀኑ፣ ሳታውቁት። እናንተ ደግሞ በሕይወት አላችሁ፤ ፊትም አላችሁ።»

በሰማንያኛው ፎቅ ላይ ሊን ምን እንዳደረገች የሚያውቅ የለም። በመጨረሻ እንዲህ አለች፤ «ሕጉ ይህን አይከለክልም። ነገር ግን ተጠቃሚ የተባለ ሁሉ በዓይን ፊት ቆሞ መቀበሉን በአፉ ይናገራል። ከባለድርሻዎቹ ከግማሽ በላይ ካልተቀበሉ፣ ነገ ቀትር ላይ መስመሩ በራሱ ይዘጋል። እኔም ላቆመው አልችልም።»

ሐሙስ ጠዋት መንደሩ ሁሉ በጣቢያው ግድግዳ ፊት ተሰበሰበ። ግድግዳው ያን ዕለት የመንደሩን ፊት ለባሕር ማዶ ሳይሆን የባሕር ማዶውን ፊት ለመንደሩ ያሳይ ነበር።

«ባለአክሲዮን ‹ጸሎት ተቀብያለሁ› ብሎ ፊቱን ያሳያል? ይሥቁብናል፣ እትዬ» አለ ልሳነወርቅ።

«ይሣቁ። ሣቅም ፊት ነው።»

መጀመሪያ የታየችው ሊን ናት፤ አስረበብ በድምፅ ብቻ የምታውቃት ቀጭን ሴት ከአንዲት ነጭ ፀጕር ካላት አሮጊት ጋር ቆማለች። ስማቸውን ተናገሩ፤ «ተቀብለናል» አሉ። ከዚያ እጁ ዱቄት የሆነ ዳቦ ጋጋሪ መጣ። ባቡር ውስጥ የቆመች ልጅ፤ የመርከብ ገመድ የያዘ ሰው፤ በሐኪም ቤት አልጋ ላይ የተኛ፣ ስሙን ለመናገር ብዙ የደከመ ሽማግሌ። አንዲት ሴት «እኔ በእግዚአብሔር አላምንም» አለች፤ ከንፈሯን ነክሳ ቆየችና «ግን ተቀብያለሁ» አለች። ፊቶቹ ከአንድ ወደ መቶ፣ ከመቶ ወደ ሺህ እየበዙ ግድግዳውን ሞሉት፤ እያንዳንዱም ፊት የጤፍ ቅንጣት እስኪያህል ድረስ አነሰ። መንደሩ በሃያ ሦስት አገር ቋንቋ አንዲት ቃል ሲባል ሰማ። የሰው ብዛት እንዲህ ሆኖ በአንድ ቦታ ሲቆም ከዚያ ቀን በፊት ያየ አልነበረም፤ ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ተንበረከኩ።

«ያ ራሰ በራ ድገም ተብሏል!» አሉ ጋሽ ድንበሩ በደስታ። «ይቅመሳት! ይቅመሳት!»

ሁሉም ግን አልተቀበሉም። «ያልጠየቅሁትን ጸሎት ማን አድርጉልኝ አላችሁ?» ያሉ ነበሩ፤ በዚያው ሰዓት ድርሻቸውን የሸጡ ብዙ ሺህ ነበሩ። አምስት ሰዓት ሲሆን የተቀበሉት ከግማሽ ብዙ ጐደሉ። ልሳነወርቅ አንገትጌውን ቀዶት ነበር። አስረበብ ግን ወደ ግድግዳው አላየችም፤ ወደ ምዕራብ ታይ ነበር።

«ምን ያያሉ እትዬ?»

«የዚያ አገር ሰው ገና አልነቃም። ሲነጋላቸው ይመጣሉ።»

ነጋላቸው። ዓይናቸውን እያሹ፣ ፀጕራቸው እንደ ተንጨባረረ፣ በመኝታ ልብሳቸው መጡ። ለቀትር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ቍጥሩ ከግማሽ አለፈ። በግድግዳው ላይ «ሰባተኛው መስመር፤ ተጠቃሚዎች በሕይወት ያሉና የታዩ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ማንም አልጮኸም፤ እልልታው የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። ዓመት ሳይሞላ ሌሎች ሦስት ማኅበራት በየበረሃው ገዳም ማፈላለግ እንደ ጀመሩ ይነገራል፤ የዚያን ፍጻሜ እግዚአብሔር ያውቃል።

አስረበብ ከሕዝቡ ተለይታ ሰባተኛው መስመር ከጣቢያው ወደሚወጣበት ቦታ ሄደች። ተንቀሳቃሹ ዓይን ገና በደረቷ ላይ ነበር።

«እኅቴ ሆይ» አለች ሊን፣ «ትናንት የነበረሽን አንዲት ጥያቄ እኔ ወሰድሁብሽ። አሁን ግን መስመሩ ተርፏል። ወርደሽ ጠይቂ። ዓይኑን አጠፋልሻለሁ።»

«የተፈቀደልኝ አንዲት ነበረች፤ ጠይቄያታለሁ» አለች አስረበብ።

መዳፏን በቀጭኑ ቧንቧ ላይ አሳረፈች። ብረቱ ቀዝቃዛና ዝምተኛ ነበረ። ጥቂት ቆይቶ ከእጇ በታች ውኃው ተንቀሳቀሰ፤ አንዲት ጣሳ የሚሞላ ያህል ወርዶ ቆመ። ከታች፣ ከገደሉ ሥር፣ ቧንቧውን የከፈተ እጅ አለ። አስረበብ እጇን ሳታነሣ ጠበቀች፤ ስግደቱ እስኪፈጸም።

አንባቢ ሆይ፣ ስምህን ሳያውቁ የሚያስቡህ ከቤትህ አይለዩ። የምትጠጣው ውኃ አይጕደልብህ፤ ከማድጋህ የተካፈለህም እንግዳ ይባረክልህ። በቤትህ የታመመው ይዳን፣ የራቀው ይመለስ፤ ልጆችህ በሰላም ይደጉ፤ ለዘለዓለሙ፣ አሜን።